ዙሩን ማን ይቁጠር? የአንድ የሞተር ውድድር የጉዳይ ጥናት ከኮምቦልቻ

ጉዳዩ ምን ነበር

ኮምቦልቻ ላይ በተዘጋ የአስፋልት መንገድ የአንድ ቀን የሞተር ውድድር ተካሂዶ ነበር። እኔ የተጠራሁት ለቴክኒኩ ሥራ ነው፤ ዙር ቆጠራው፣ ኤሌክትሪኩ፣ መገናኛው። የሰዎቹንም የአዘጋጆቹንም ስም ትቻለሁ።

ጉዳዩን መጻፍ ያስፈለገው በፍጻሜው ውድድር በተፈጠረ ነገር ምክንያት ነው። ሁለት ሞተረኞች «አንድ ዙር ተበላብን» ብለው መጡ። ኮምፒውተሩ ስለ ሁለቱም ያሳየው ተመሳሳይ ነገር ነበር። ነገር ግን አንደኛው እውነቱን ነው፣ ሌላኛው አይደለም። ይህን ለመለየት የረዳን ውድ ዕቃ አይደለም፤ ቀድሞ የተዘጋጀ አሠራር ነው።

ከዚያ በፊት

ደሴ ላይ ሞተር የሚነዳ ወጣት ሞልቷል። መወዳደሪያ ቦታ ግን የለም። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ተጠማዞ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ምድሩ ይዘረጋል፣ ከፍታውም ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ውድድሩ እዚያ መሆኑ አያከራክርም ነበር።

መንገዱ ከከተማዋ ዳር ያለ ሰፊ አስፋልት ነው። አንድ ዙር ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጫፉ ላይ አደባባይ አለ። ሞተረኛው አደባባዩን ዞሮ ወደ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ይገባል፤ የመጨረሻው መስመርና የእንግዶች ድንኳን ያሉት እዚያ ነው።

ከዚህ በፊት በነበረው ውድድር ዙር የተቆጠረው በእስክሪብቶ ብቻ ነበር። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ተጣሉ፣ ደጋፊም ገባበት፣ ሽልማቱ ሳይሰጥ መሸ። በዚህኛው «በኮምፒውተር ይሁንና እንገላገል» ተባለ። አንድ ሰው ለሩጫ ውድድር የሚያገለግል የቺፕ ማንበቢያ በውሰት አመጣ፤ ሪደር፣ አራት አንቴና፣ አንድ ካርቶን ተለጣፊ ቺፕ።

የሩጫ ዕቃ ለሞተር

ትልልቅ የመኪና ውድድር ሜዳዎች ሰዓት የሚይዙት በሌላ መንገድ ነው። አስፋልቱ ተሰንጥቆ ሽቦ ይቀበርበታል። እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የራሱን መለያ የሚያሰራጭ ትንሽ መሣሪያ ይሸከማል። ሽቦው ምልክቱን ይቀበላል፣ ከጎን ያለው ሳጥን ሰዓቱን ይመዘግባል። የሆላንዱ ኩባንያ ማይላፕስ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። ፎርሙላ ዋን ላይ ጊዜው የሚለካው እስከ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1997 ስፔን ሄሬዝ ላይ በማጣሪያው ሦስት ሰዎች፣ ቪልነቭ፣ ሹማከርና ፍሬንትዘን፣ እኩል 1 ደቂቃ ከ21.072 ሰከንድ አስመዝግበዋል። መጀመሪያ ያስመዘገበው ቪልነቭ ከፊት ተነሣ።

እኛ እጅ ያለው ቺፕ የዚያ ዘመድ አይደለም። ባትሪ የለውም። ከአንቴናው በሚወጣው ሞገድ ነቅቶ ቁጥሩን ይመልሳል። ሁለት ጠላት አለው፤ ብረትና ውሃ። ብረት ላይ በቀጥታ ከተለጠፈ ድምፁ ይጠፋል። የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሞገዱን ይውጠዋል። ለሯጭ ደረት ላይ ሲለጠፍ የሚሠራው ሯጩ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ሪደሩም ደጋግሞ የመሞከሪያ ጊዜ ስለሚያገኝ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ ቺፑን ነዳጅ ታንከሩ ላይ ነበር የለጠፉት። በሙከራው ጊዜ ምንም አልተነበበም። ፊት ለፊት ባለው የቁጥር ሰሌዳ ላይ ሲሆን አልፎ አልፎ ይነበባል። ሰሌዳው ፕላስቲክ ቢሆንም ከኋላው የመብራቱ ብረት አለ። ከልጆቹ አንዱ፣ ጋራዥ የሚሠራ፣ ያረጀ ነጠላ ጫማ አነሣና ሶሉን በቢላ ቆረጠው። አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስፖንጅ ከሰሌዳው ጀርባ ገባ። ቺፑ ከብረቱ ራቅ ሲል መነበብ ጀመረ። ከዚያ ሰፈሩ ውስጥ ያረጀ ነጠላ ጫማ ፍለጋ ተጀመረ።

ከሁሉ በተሻለ የሚነበበው ግን ሄልሜት ላይ የተለጠፈው ነው። አንቴናው ከላይ ተሰቅሎ ወደ ታች ሲያይ የሄልሜቱን አናት በደንብ ያገኘዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ደህና ሄልሜት ያለው ተወዳዳሪ ጥቂት ነው፤ ልጆቹ ይዋዋሳሉ። የመጀመሪያው ምድብ ሲያልቅ ሄልሜቱ ለሦስተኛው ምድብ ልጅ ይሰጣል። ቺፑ አብሮ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩም የቀድሞውን ልጅ መቁጠሩን ይቀጥላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ቺፕ እንዲይዝ ተደረገ፤ አንድ ሄልሜት ላይ፣ አንድ ሰሌዳ ላይ። ከመነሻው በፊት ጠረጴዛ ተቀመጠ። ሁሉም በየምድቡ እዚያ ያልፋል፤ ሄልሜቱ በእጅ ማንበቢያ ይታያል፣ ከስሙ ጋር እንደገና ይመዘገባል። በዚያ ጠረጴዛ ሳያልፍ መነሻው ላይ የሚቆም የለም። ይህን ሥራ የያዘችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ማንንም አታሳልፍም። «ወንድሜ፣ አብሽር፣ አንድ ደቂቃ ነው» ትላለች፣ ከዚያ ግን ንቅንቅ የለም።

መስመሩ የት ይሁን

ከአዘጋጆቹ ጋር ረጅም ክርክር ያስነሣው ይህ ነው። እነሱ አንቴናው ከእንግዶቹ ድንኳን ፊት ለፊት፣ የመጨረሻው መስመር ላይ እንዲቆም ይፈልጋሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «እንግዶቹ ፊት ካልተቆጠረ ምኑን ውድድር ሆነ?» አሉ።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው። ቀጥታው መንገድ ላይ ሞተሩ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰከንድ 25 ሜትር ያልፋል። አንቴናው የሚያይበት ስፋት አራት ሜትር ቢሆን፣ ቺፑ እዚያ ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ላነሰ ጊዜ ነው። ሪደሩ ደግሞ አራቱን አንቴናዎች በየተራ ነው የሚያዳምጠው። ሦስት ሞተር አንድ ላይ ቢመጣ አንዱ ሊያመልጥ ይችላል። አደባባዩን ዞረው ሲወጡ ግን ፍጥነታቸው ወደ 40 ይወርዳል። እዚያ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ በላይ ጊዜ ይገኛል።

«ጋሼ፣ ‹እና እንግዶቹ ምን ሊያዩ ነው› ብለው እንዳይጠይቁኝ» አልኳቸው፤ ሳቁ። የተስማማነው ሥራውን ለሁለት በመክፈል ነው። ቺፑ አደባባዩ ጋ ሆኖ ዙር ብቻ ይቆጥራል። ማን ቀድሞ ገባ የሚለውን የመጨረሻው መስመር ላይ የቆሙ ዳኞችና የስልክ ቪዲዮ ይወስናሉ። በእኔ አስተያየት ከቀኑ ሥራ ሁሉ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነበር። ለሩጫ የተሠራን ቺፕ ለሰከንድ ሽራፊ ማመን አደጋ ነው። ስንት ጊዜ አለፈ ለሚለው ግን ይበቃል።

ባንዲራው ላይም ክርክር ነበር። የመጨረሻውን ባለዳማ ባንዲራ የክብር እንግዳው እንዲያውለበልቡ ተፈልጓል። ይህ ከባድ ስህተት ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳው የፎርሙላ ዋን ውድድር ባንዲራውን ያውለበለበችው ተጋባዥ ሞዴል ናት። አንድ ዙር ቀድሞ ተውለበለበና ውጤቱ ከ70ው ዙር በ68ኛው ተወሰደ። «እንግዲያውስ ማሽን ያድርገው» የሚል ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ጃፓን ሱዙካ ላይ የሆነውን ይይ። የመብራት ሰሌዳው ነበር አንድ ዙር ቀድሞ የማብቂያውን ምልክት ያሳየው። ውጤቱ ከ53 ዙር በ52ኛው ተያዘ፤ በመጨረሻው ዙር የተጋጨው ሹፌር ፔሬዝም ነጥቡን አላጣም። ኮምቦልቻ ላይ መፍትሔው ቀላል ነበር። ባንዲራው ከዙር ቆጣሪው እጅ አይወጣም። መሪው የመጨረሻውን ዙር ጀምሮ አደባባዩ ላይ ሲታይ ብቻ ለእንግዳው ይሰጣል። እንግዳውም ደስ ብሏቸው ተቀበሉ።

ኤሌክትሪክ፣ ሰዓትና መገናኛ

አዘጋጆቹ አንድ ጄኔሬተር ተከራይተዋል። ሁሉም ነገር ከእሱ ሊሰካ ነበር። ሞንታርቦው ሙዚቃ ሲጀምር ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ ሪደሩም እየጠፋ ይነሣል። ስለዚህ ጄኔሬተሩን ለሞንታርቦው ተውንለትና ሪደሩን በመኪና ባትሪና በኢንቨርተር አሠራነው። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ሠራ፣ ሌላ ላፕቶፕም ተጠባባቂ ሆኖ ተቀመጠ። ፀሐዩ ስክሪኑን ስለሚያጠፋው ላፕቶፑ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ገባ። ላፕቶፑን የያዘው ልጅ አንገቱን ካርቶኑ ውስጥ ከቶ ነው የዋለው።

የሰዓት ነገር ደግሞ ውጭ አገር ያለ ባለሙያ የማያስበው ነው። ኮምፒውተሩ 10:12 ይላል። ወረቀት ላይ የሚጽፉት ልጆች 4:12 ብለው ይጽፋሉ። የአንዱ ስልክ በአበሻ ሰዓት ተስተካክሏል፣ የሌላው በፈረንጅ። ይህ ልዩነት ስድስት ሰዓት ስለሆነ በቀላሉ ይታያል። አስቸጋሪው ሰከንዱ ነው። የሁለት ሰው የእጅ ሰዓት በአርባ ሰከንድ ከተለያየ አንድ ዙር ማን እንደሞላ ማስረዳት አይቻልም። ደንቡ ይህ ሆነ፤ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ ሁሉ ከመቆሙ በፊት የላፕቶፑን ሰዓት ስክሪን ለጥቂት ሰከንድ ይቅረጽ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ምንም ሰዓት ቢያሳይ ልዩነቱ ቪዲዮው ላይ አለ።

የራዲዮ መገናኛ ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ነው፤ ያለው ፖሊሶቹ ጋ ብቻ ነበር። ሰው ሲበዛ ደግሞ የሞባይል ኔትወርክ እንደሚጨናነቅ የታወቀ ነው። ስለዚህ ባንዲራ ያዦቹን ያቆምናቸው እርስ በርስ በሚተያዩበት ቦታ ነው። ቢጫ፣ ማለትም «ተጠንቀቁ»፣ ከተነሣ ከኋላ ያለው አይቶ ያነሣል፤ ቀይ፣ ማለትም «ቁሙ»፣ ከሆነ ሁሉም ቀይ። ስልክ ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ቀረ።

የውድድሩ ቀን

ቀኑ እሑድ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲጀመር ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ገና መንገድ ላይ ነበር። ይህን ቀድመን አስበንበታል፤ በየምድቡ መካከል ማቋረጫው እንዲከፈት በፕሮግራሙ ተይዟል። ያም ሆኖ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ገመዱ ጋ ቆመው «ልጄ፣ ቤቴ እኮ ማዶ ነው፣ ዶሮ እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት» አሉ። ገመድ ያዡ ልጅ «አብሽሩ እማማ፣ ይቺ ዙር ስታልቅ እኔው አሻግርዎታለሁ» አላቸው። አሻገራቸውም። ገመዱ ላይ የሚቆመው ሰው የሰፈሩ ልጅ ካልሆነ ይህ ሥራ አይሠራም።

በሁለተኛው ምድብ አንድ ልጅ አደባባዩ ላይ ወድቆ እጁን ተጎዳ። አምቡላንሱ ይዞት ሄደ። ያለን አንድ አምቡላንስ ስለሆነ ውድድሩ ቆመ። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ አንድ ሁለት ሰው ድንኳኑ ድረስ መጥቶ ተቆጣ። ግን ይህ የሚደራደሩበት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጀርመን ኑርበርግሪንግ ላይ የሕክምና ሄሊኮፕተር በጭጋግ ምክንያት መብረር ባለመቻሉ የፎርሙላ ዋን የዓርብ ልምምድ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። እኛም ጠበቅን።

ፍጻሜው 15 ዙር ነበር። እስከ አጋማሽ ድረስ ሁሉም ደህና ሄደ። ከዚያ የኋለኞቹ መደረብ ጀመሩ፤ መሪው ደርሶባቸው ያልፋል። በእጅ ለሚቆጥር ሰው ከዚያ በኋላ ጭንቅ ነው።

ሁለቱ ቅሬታዎች

ባንዲራው ወርዶ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ መጡ። የመጀመሪያው በጣም ተቆጥቷል፤ ሦስተኛ ነኝ ብሎ የገባ ልጅ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ዙር አጉድሎበት ወደ ታች አውርዶታል። ሁለተኛው ደግሞ «የእሱ ከተመለሰ የእኔም ይመለስ» አለ።

ላፕቶፑ ላይ የሁለቱን የዙር ጊዜ ከፈትን። የመጀመሪያው በየዙሩ ወደ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ ቦታ ላይ ግን 3 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ የሚል አለ። ሁለት ዙር ተጣምሮ አንድ ሆኗል ያሰኛል። የሁለተኛውም ተመሳሳይ ነው፤ እሱም አንድ ቦታ ላይ ከ3 ደቂቃ በላይ አለው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ለሁለቱም አንድ አንድ ዙር ጨምሮ ይሸኛቸዋል። ወይም ሁለቱንም ይከለክላል።

ቀጥሎ ወረቀቱ ታየ። ወረቀቱን የያዙት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፤ አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። ኮምፒውተሩን እንዳያዩም ከላፕቶፑ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። ሁለት ምስክር ተነጋግሮ ከመጣ እንደ አንድ ነው። በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ልጅ ያ ዙር አለው። የሁለተኛው ቦታ ላይ ተሰርዞ የተጻፈ ነገር አለ፤ አይለይም።

ከዚያ ቪዲዮው። የአደባባዩ ስልክ መጀመሪያ ላይ የላፕቶፑን ሰዓት ስለቀረጸ በቀጥታ ወደ ደቂቃው ሄድን። የመጀመሪያው ልጅ ታየ። ከሌላ ሞተረኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ ጎንበስ ብሎ አንቴናው ሥር አለፈ። የሌላኛው ገላ ከልሎታል፤ ሁለቱም ቺፕ አልተነበበም። ዙሩ ተመለሰለት።

የሁለተኛው ልጅ በዚያ ደቂቃ አልታየም። ወደኋላም ወደፊትም ሄድን፣ የለም። በመጨረሻ የሌላኛው ኩርባ ቪዲዮ ላይ ተገኘ። መንገድ ዳር ወጥቶ፣ ተንበርክኮ የወለቀ ካቴና በጣቱ እየመለሰ ነው። ቪዲዮውን እሱ ራሱ አየው። ትንሽ ዝም አለና «አዎ፣ ወላሂ ረስቼው ነው» አለ። አልዋሸም ብዬ ነው የማምነው፤ ሞተር ላይ የተጨነቀ ሰው ጊዜ አይታወቀውም። ሽልማቱ በቀን ብርሃን ተሰጠ።

የሠራውና ያልሠራው

ጥሩ የሠራው ሦስቱ መዝገቦች ተለያይተው መያዛቸው ነው፤ ቺፕ፣ ወረቀት፣ ቪዲዮ። በዙር ጊዜ ዝርዝር ውስጥ እጥፍ የሆነ ጊዜ ሲታይ ወዲያው ቀይ እንዲሆን ማድረጋችንም ጠቅሟል። ቅሬታ ሳይመጣ የት መፈለግ እንዳለብን አውቀናል።

ያልሠራው ብዙ ነው። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ውጤቱን በቀጥታ የሚያሳይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተተክሎ ነበር። በስልክ ኢንተርኔት ነበር የሚገናኘው። ሕዝቡ ሲሞላ ተቋረጠ፣ እስከ መጨረሻ ጥቁር ሆኖ ዋለ። በነጭ ሰሌዳና በማርከር ተተካ። እውነቱን ለመናገር ሕዝቡ ሰሌዳውን ነው የወደደው።

የሰሌዳ ቁጥሮቹም አስቸግረዋል። 6 እና 9 ከሩቅ፣ ያውም ሰሌዳው ዘንበል ሲል፣ አይለዩም። ወረቀቱ ላይ ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የእነዚህ ሁለት ናቸው። አንቴናው የተሰቀለበት ብረትም በነፋስ ይወዛወዝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በአሸዋ ከረጢት ታሰረ። የሞንታርቦው አስተዋዋቂ ደግሞ ያልተረጋገጠ ውጤት እየነጠቀ ያነባል። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ለዋውጦ አሳውቋል፤ የመጀመሪያው ልጅ ያን ያህል የተቆጣው በከፊል በእሱ ምክንያት ነው።

ሌላ ቦታ የሚሠራ ነገር

ይህ ለሞተር ብቻ አይደለም። ዙር ያለው ብስክሌትም፣ ከተማ ውስጥ የሚዞር ሩጫም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማሽኑ ምን ይወስናል?» የሚለው ነው። ዙር መቁጠርና አሸናፊ መለየት ሁለት ሥራ ናቸው። አንድ ዕቃ ሁለቱን ካልቻለ አንዱን ብቻ መስጠት ይሻላል። የቅሬታ ሰዓትም ቀድሞ ይታወቅ። እኛ ግማሽ ሰዓት ሰጥተን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለመጣ ሰው በሩ ተዘግቷል፤ ሰውም ተቀብሎታል፣ ምክንያቱም ጠዋት በሞንታርቦ ተነግሯል። ውጤት የሚያሳውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ማይክ የያዘው ሳይሆን ወረቀት የፈረመው።

ኮሚቴው ከውድድሩ በኋላ ተሰብስቦ ለሚቀጥለው የተወሰኑ ነገሮችን ወስኗል። 6 እና 9 አይሰጡም። አስተዋዋቂው የተፈረመ ወረቀት ሳይዝ ስም አይጠራም። ሁለተኛ አምቡላንስ ይጠየቃል። ከወጣቶቹ አንዱ ባትሪ ያለውን፣ አስፋልት ውስጥ በሚቀበር ሽቦ የሚሠራውን ዕቃ እንግዛ አለ። ሰብሳቢው በመጀመሪያ ለሁሉም ተወዳዳሪ የራሱ ሄልሜት ይገዛ አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ መዋዋሱ ሲቀር በየምድቡ ቺፕ እንደገና የመመዝገቡ ጣጣ አብሮ ይቀራል።